ጊታሩን አትስበሪበት

ደብዳቤው የመጣው ከሲያትል ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውንም ቆርጬ አውጥቻለሁ።

«እትዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የምጽፍልሽ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። እዚህ አገር ስንመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጊታር ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አያውቅም። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የሮክ ባንድ አላቸው፤ ካምና ወዲህ ስማቸው መነሳት ጀምሯል፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወታሉ። ችግሩ መጠጡ ነው። አሁን ደግሞ ክኒን ተጨምሯል። ኪሱ ውስጥ ሰማያዊ ክኒኖች አግኝቼ ስጠይቀው ‹ለጀርባዬ ነው› አለኝ። ከስቷል። ግድግዳው ላይ የኒርቫና ባንድ ዘፋኝ የነበረውን የኩርት ኮቤይንን ትልቅ ፎቶ ሰቅሏል። በአራት ወር ውስጥ ሃያ ሰባት ይሞላዋል፤ ‹ማኅበሩ እየጠበቀኝ ነው› እያለ ይቀልዳል፣ እኔን እንቅልፍ አሳጣኝ። እናቴ ጠበል ትላለች። አጎቴ ‹ጊታሩን ስበሩት፣ ለዕረፍት ነው ብላችሁ አዲስ አበባ ውሰዱትና ፓስፖርቱን ያዙበት› ይላል። ዘመድ እንዳይሰማ ደግሞ ሁላችንም አፋችንን ይዘናል። ቅዳሜ ትልቅ ሾው አላቸው። ምን ላድርግ? እህቱ ነኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዷን ነገር መጀመሪያ ብዬ ልገላገል፦ አጎትሽን አትስሚ። ጊታሩን አትስበሪበት፣ ፓስፖርቱንም አትደብቂበት። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ፤ ግን ይህን ሁሉ አንብበሽ ለመጨረስ ጊዜ ብታጪ እንኳ ይቺን ይዘሽ ሂጂ ብዬ ነው ከላይ ያስቀመጥኳት።

ቀልዱን ግን እንደ ቀልድ አትለፊው። ሰው በሞቱ ሲቀልድ አንዳንዴ ቀልድ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ውስጥ ሰው ይኖር እንደሆነ በር ማንኳኳቱ ነው። የቱ እንደሆነ በግምት አይታወቅም፣ ተጠይቆ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ስለ «ማኅበሩ» ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም፣ ከወንድምሽ ጠግበሽ ሰምተሻል። እናትሽ ይህን ገጽ ታነብ ይሆናልና ለእሷ ባጭሩ ልበል። ብራያን ጆንስ በ1969 ሞተ። ጂሚ ሄንድሪክስና ጃኒስ ጆፕሊን በ1970፣ ጂም ሞሪሰን በ1971፣ ኩርት ኮቤይን በ1994፣ ኤሚ ዋይንሃውስ በ2011። ሁሉም የታወቁ ሙዚቀኞች ነበሩ፣ የሁሉም ዕድሜ 27 ነበር፤ «ማኅበሩ» የሚሉት ይህንን ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ከዚህ በኋላም እንደዚያው።) ኮቤይን ሲሞት እናቱ ለጋዜጠኛ የተናገሩት ነገር አለ፤ ወደዚያ የጅል ማኅበር እንዳይገባ ነግሬው ነበር አሉ። አየሽ፣ ቃሉን ያኔ ሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ያስገባው የአንዲት እናት ምሬት ነው። ፖስተር ላይ የሚለጠፈው ግን ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ምሬቱ ተቆርጦ ቀርቷል። እኛ አገር ማኅበር ሲባል ተራ አለ፣ ጽዋ አለ፣ ድግስ አለ። በዚህኛው ማኅበር የሚደግሱት እናቶች ናቸው፣ ድግሱም ለቅሶ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ራሱ ውሸት ነው። በ2011 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከ1956 እስከ 2007 ድረስ እንግሊዝ አገር አልበማቸው አንደኛ የወጣላቸውን 1,046 ሙዚቀኞች አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። 71ዱ ሞተዋል። 27 ዓመት ላይ ምንም የተለየ ነገር አልተገኘም። ጥናቱ ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ እነዚህ ዝነኞች በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው የመሞት አደጋቸው ከሌላው የእንግሊዝ ሕዝብ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ልደቱን በፍርሃት አትቁጠሪ፤ ልደቱ ባለፈ ማግስትም «እፎይ» አትበይ። የሳውንድጋርደን ባንድ ዘፋኝ ክሪስ ኮርኔል፣ እሱም የናንተው ከተማ ልጅ፣ በ2017 ራሱን ሲያጠፋ 52 ዓመቱ ነበር፣ የልጆች አባት። በሁለት ወሩ ወዳጁ፣ የሊንኪን ፓርክ ዘፋኝ ቼስተር ቤኒንግተን፣ ተከተለው፣ በ41 ዓመቱ፣ በኮርኔል የልደት ቀን።

የምትኖሩበት ከተማ ራሱ የዚህ ታሪክ መንደር ነው። ሄንድሪክስ የተወለደው እዚያ ነው፤ ያደገው ዛሬ ቼሪ ስትሪት ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ባሉበት በሴንትራል ዲስትሪክት ሠፈር ነው፣ የተቀበረው ደግሞ ሬንተን፣ ስንቱ ሐበሻ ቤት የገዛበት። ለንደን ውስጥ የሌላ ሰው የእንቅልፍ ክኒን ዘጠኝ ፍሬ ውጦ ተኛ፤ ካስታወከው ጋር ታንቆ ቀረ። ሌላ ታላቅ ምስጢር የለውም። ቪሬታ ፓርክ ያለው፣ በጽሑፍ የተዥጎረጎረው አግዳሚ ወንበርም እዚያው ነው፣ ከኮቤይን ቤት ጎን። ወንድምሽ እዚያ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም። እኔ አልነቅፈውም፣ እዚያ የሚሄዱት አብዛኞቹ ልባቸው የተነካ ልጆች ናቸው።

ግን ወንበሩ ላይ ያልተጻፈ አንድ ታሪክ አለ፤ እሱን ልንገርሽ፣ ብትፈልጊ ለወንድምሽም ንገሪው።

በማርች 1994 ኮቤይን ሮም ውስጥ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ጓደኞቹና የሥራ ባልደረቦቹ ተሰብስበው ካልታከምክ ብለው ያዙት። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያለ ማገገሚያ ገባ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ አጥር ዘሎ ወጣና ወደ ሲያትል የሚበር አውሮፕላን ተሳፈረ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ማን መሰለሽ? ደፍ ማኬጋን፣ የገንስ ኤንድ ሮዝስ ቤዝ ተጫዋች። እሱም የሲያትል ልጅ፣ እሱም በዓለም የታወቀ፣ እሱም በመጠጥ የነተበ። ቮድካው ሲከብደው «ቀነስኩ» ብሎ ወደ ወይን የዞረ ሰው ነው፤ የቀነሰው ወይን በቀን አሥር ጠርሙስ ነበር። ሁለቱ ሲያወሩ መጡ። ማኬጋን በኋላ እንደተናገረው ነገሩ ደህና እንዳልሆነ አንጀቱ ነግሮታል። ሲያትል ደረሱ፣ ሻንጣ መቀበያው ጋ ቆሙ። እኔ ቤት እንሂድ ልበለው ብሎ አሰበ። ዞር ሲል ኮቤይን የለም፣ ሄዷል። ከጥቂት ቀን በኋላ መሞቱ ተሰማ። ሃያ ወር ሊሞላት የተቃረበ ሴት ልጅ ነበረችው።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም። በወሩ፣ በሜይ 1994፣ የማኬጋን ቆሽት፣ ሐኪሞቹ ፓንክሪያስ የሚሉት፣ ውስጡ ፈነዳ። 30 ዓመቱ ነበር። ሐኪሞቹ መጠጣት ብትቀጥል ወር አትቆይም አሉት። እናቱ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነበሩ፤ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ሊጠይቁት መጡ። የስምንት ልጆች እናት፣ እሱ የመጨረሻው። አልጋው ላይ ሆኖ ሲያያቸው ነገሩ እንደተገለበጠ ገባው፣ መጦር የነበረበት እሱ ነበርና። ከዚያ ቀን ወዲህ አቆመ። ብስክሌት እየነዳ፣ ማርሻል አርት እየሠራ፣ አቆመ። ሲያትል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ገንዘብና ሒሳብ ተማረ፣ ምክንያቱም የገዛ ባንዱ የሒሳብ ወረቀት ሲያይ ምንም አይገባውም ነበር። ዛሬም ይጫወታል። ያንኑ ቤዝ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። አንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ሁለት ወንበር። ያን ቀን አይተሽ ማን ይተርፋል ብትባይ አታውቂም ነበር። የተረፈው ከሌላው የበለጠ ጎበዝ ስለሆነ ወይም ሙዚቃውን ስላልወደደ አይደለም። ሰውነቱ ሳይሞት ወድቆ ሆስፒታል አደረሰው፣ ሐኪም ቁርጡን ነገረው፣ እናቱ አልጋው አጠገብ ተገኙ። ዕድልም አለበት፣ አልዋሽሽም።

ኮቤይን ላይ ሌላ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ሰውየው ለዓመታት ሆዱን ያመው ነበር፣ ክፉኛ። ሄሮይኑ ሕመሙን ዝም እንደሚያሰኝለት ራሱ ይናገር ነበር። ይህን ሳነብ የገዛ ቤታችን ትዝ ይለኛል። አንድ ዘመድ ነበረን፣ አረቄውን በጠዋት የሚጀምር። ቤተሰቡ ሁሉ «ጨጓራውን አሞት ነው» ይል ነበር፣ ሲተኛም ጨጓራ፣ ሲወድቅም ጨጓራ፣ ሥራ ሲቀርም ጨጓራ። ጨጓራውን አሞት ነበር እኮ፣ ውሸት አልነበረም። ግን ያ እውነት ሌላውን እውነት ሸፈነው፣ እኛም ሸፋኞች ነበርን። ወንድምሽ «ለጀርባዬ ነው» ሲልሽ ጀርባው ምናልባት በእውነት ያመዋል፤ ማጉያ ሳጥን እየተሸከመ፣ ቫን ውስጥ እየተኛ። «ትዋሻለህ» አትበይው። «እንግዲያው ሐኪም ጋ ሄደን ጀርባህ ይታይ» በይው፣ አብረሽውም ሂጂ። በዚያ በር ሌላውም ይገባል።

አሁን የዝናውን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም «ሙዚቃው ነው የሚገድለው» የሚለው አጎትሽ ብቻ አይደለም፣ ግማሹ ዘመድ እንደዚያ ያስባል። እኛ ሰፈር ድሮም «አዝማሪ» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ አለ። ሙዚቃው አይገድልም። የሚገድለው በሙዚቃው ዙሪያ ያለው ሥራ አካሄድ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሺህ ሰው ጮሆልሽ ከመድረክ ትወርጃለሽ፣ ደምሽ እንደፈላ ነው፣ እንቅልፍ የለም፣ ነገ ሌላ ከተማ ነው፣ መጠጡ ደግሞ ከመድረክ ጀርባ በነፃ ተደርድሯል። ሌላ መሥሪያ ቤት ገና በጠዋቱ ሰክረሽ ብትገቢ ያባርሩሻል፤ እዚያ ግን ያጨበጭቡልሻል። ዝናው ሲጨምር ይብሳል፣ ምክንያቱም በዙሪያሽ ያለው ሰው ሁሉ ካንቺ ነው የሚበላው። ሾፌሩ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ማናጀሩ፣ ካምፓኒው። ጉዞው ቢሰረዝ የሁሉም እንጀራ ይሰረዛል፣ ስለዚህ «ትንሽ ደክሞት ነው» ይባላል። ኤሚ ዋይንሃውስ በጁን 2011 ቤልግሬድ ላይ መድረክ ስትወጣ ግጥሟ እንኳ ጠፍቷት ነበር፤ ሕዝቡ ጮኸባት፣ ጉዞው ከዚያ በኋላ ነው የተሰረዘው። በወር ከጥቂት ቀን ሞተች። ያቺ ልጅ መድረክ ላይ ሳትወጣ በፊት አልታየችም እንዴ? ታይታለች። ብዙ ሰው አይቷታል።

ለዚህ ነው አንቺ የምታስፈልጊው። ወንድምሽ ላንቺ ደሞዝ አይከፍልሽም። በዙሪያው ካሉት ሰዎች ውስጥ እውነቱን ብትነግሪው እንጀራሽ የማይቋረጥ አንቺና እናትሽ ብቻ ናችሁ። ጊታሩን የሰበርሽ ዕለት ግን አንቺም «ከማይገቡኝ ሰዎች» አንዷ ትሆኛለሽ፤ ጊታር ሌላ ይገዛል፣ አንቺን መልሶ አያገኝሽም።

የአዲስ አበባውስ? በመጀመሪያ፣ አዲስ አበባ መጠጥ የለም ያለው ማነው? ደግሞ ማታለል ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው አታለሽ ከወሰድሽው ሁለተኛ አያምንሽም። ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢ። ሰውነት ዕፅ ወይም መጠጥ ሲለምድ ብዙ ይችላል። ለጥቂት ሳምንት ሲያቆም ያ ችሎታ ይወርዳል። ከዚያ ተመልሶ የድሮውን መጠን ሲወስድ የድሮው መጠን ይገድለዋል። ጃኒስ ጆፕሊን ሄሮይን ትታ ቆይታ ተመልሳ ነው የሞተችው። ዋይንሃውስም ለጥቂት ጊዜ መጠጥ አቁማ ነበር፣ ከዚያ ተመለሰች፤ ሞታ ስትመረመር በ100 ሚሊሊትር ደሟ ውስጥ 416 ሚሊግራም አልኮል ተገኘ፣ እዚያ አገር መኪና ለመንዳት የሚፈቀደው 80 ነው። ብዙ ሰው ማገገሚያ የወጣ፣ እስር ቤት የወጣ፣ አገር ቤት ከርሞ የመጣ ልጅ ዳነ ብሎ ይዝናናል። በጣም የሚያሰጋው ጊዜ እሱ ነው።

እናትሽን በተመለከተ አትጣሊ። ጠበሉ ከፈለገ ይሂድ፣ እናት ስትጸልይ ማን ይከለክላል። ግን በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሐኪም ሳያየው በአንድ ቀን ቁርጥ ሲያደርግ ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ይየው፣ ጠበሉ ከሱ ጋር ይሂድ። ለክኒኑ ሱስ ደግሞ ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚል ዘመድ ይመጣል፤ መድኃኒቶቹ የመሞትን አደጋ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንሱ በብዙ አገር ታይቷል። ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲወጋ ሱሰኛ አንለውም።

አሁን ሰማያዊዎቹ ክኒኖች። በእጅ የተገዙ ከሆነ ከፋርማሲ የወጡ አድርገሽ አትቁጠሪ። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ የሚሸጡት ሰማያዊ ክኒኖች በአብዛኛው ኦክሲኮዶን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መልክ የተሰጣቸው ሐሰተኞች ናቸው፣ ውስጣቸው ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ዕፅ ነው። አንዷ ምንም አታደርግም፣ የሚቀጥለዋ ትገድላለች፤ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ናርካን ግዢ። እንዲህ ያለ ዕፅ በዝቶበት መተንፈስ ያቃተውን ሰው የሚመልስ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ነው፣ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። ሳጥኑ ሁለት ነው የሚይዘው፤ አንዱ ካልቀሰቀሰው ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን። ፌንታኒል ባይሆን እንኳ አይጎዳውም። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እንደማንኮራፋት ያለ ድምፅ ካወጣ፣ ሲነቀነቅ ካልነቃ፣ «ተኝቷል፣ ይረፍ» አትበይ። 911 ደውዪ፣ በጎኑ አስተኚው፣ ሄንድሪክስን አስታውሺ። ቢነቃም ብቻውን አትተዪው፣ የናርካኑ ኃይል ከዕፁ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ፖሊስ ይመጣል ብለሽ አትፍሪ፤ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ነገር እርዳታ የጠራን ሰውም ሆነ የታመመውን ዕፅ በመያዝ እንዳይከሰሱ የሚከላከል ሕግ አለ። ይህንን ለባንዱ ልጆችም ንገሪ፣ በተለይ ለከበሮ መቺው፣ ወይም ከመካከላቸው ለምትግባቢው። ቫን ውስጥ አብረውት የሚያድሩት እነሱ እንጂ አንቺ አይደለሽም።

አሁን እንዴት እንደምታነጋግሪው ልንገርሽ። ጠጥቶ ሳለ አይሆንም። ዘመድ በተሰበሰበበት አይሆንም፣ ሽማግሌ አስቀምጠሽ እንደ ፍርድ ቤት አታድርጊው። መኪና ውስጥ ጥሩ ነው፣ ሰው ፊት ለፊት ስለማይተያይ ይናገራል። ያየሽውን ተናገሪ፦ ከስተሃል፣ ክኒን አይቻለሁ፣ ቀልድህ አስፈራኝ። ከዚያ ቀጥ ብለሽ ጠይቂው፦ «መሞት ትፈልጋለህ? ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ቃሉን ጥሪው። መጠየቅ ሐሳቡን አእምሮው ውስጥ አይከትበትም፣ ይህን ያጠኑት ሁሉ የሚስማሙበት ነው፤ እንዲያውም ያቀለዋል። «አዎ» ካለሽ አትጩኺ፣ «እግዜርን አትፈራም?» አትበይው። ብቻውን አትተዪው፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ወይም የተከማቸ መድኃኒት ካለ ከእሱ አርቂ፣ 988 ደውሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ራሱን ስለማጥፋት ለሚያስብ ሰው የቆመ የእርዳታ መስመር ነው። ቀንም ሌትም ያነሳሉ፣ በጽሑፍም ይመልሳሉ፣ አስተርጓሚም ይጠየቃል፤ ስለዚህ እናትሽም መደወል ትችላለች።

«ሳልጠጣ አልጽፍም» ይልሻል። ሁሉም ይላል። እዚያው ከተማ ሌይን ስቴይሊ የሚባል ነበር፣ የአሊስ ኢን ቼይንስ ዘፋኝ፣ ድምፁ አጥንት ይሰብራል። በ1996 ክረምት ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ቤቱ ተዘግቶ ከሄሮይኑ ጋር ኖረ። በነዚያ ስድስት ዓመታት ከባንዱ ጋር የቀዳው ሁለት ዘፈን ብቻ ነው። ዕፁ ዘፈን የሚያስጽፍ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በዘፈን በሞላ። በ2002 ሞቶ የተገኘው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ነገሩን የጠረጠሩት ሒሳብ ሠራተኞቹ ናቸው፣ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት ስላቆመ። 34 ዓመቱ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ይከብደኛል። በሌላ በኩል የናይን ኢንች ኔይልስ ባንድ መሪ ትሬንት ሬዝነር አለ፣ በ2000 ለንደን ላይ ከሄሮይን ለጥቂት የተረፈ፣ በዓመቱ አቁሞ በ2011 በፊልም ሙዚቃ ኦስካር የወሰደ። ለወንድምሽ ስብከት አትስበኪው፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች ብቻ አስታውሺው፤ ዘፈኖቻቸውን ከኔም ካንቺም በላይ ያውቃቸዋል።

ስለ ስቴይሊ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ደግሞ ላንቺ ነው። የፐርል ጃም ባንድ ጊታር ተጫዋች ማይክ ማክሬዲ ራሱ ታክሞ ከወጣ በኋላ ስቴይሊን ይዞ ሌላ ባንድ አቋቋመ፤ ካቆሙ ሰዎች ጋር ቢውል እሱም ያቆማል ብሎ ነበር። አንድ አልበም ሠሩ። አልሆነም። ስቴይሊ አላቆመም፤ ማክሬዲ ከማገገሚያው ያገኘው ቤዝ ተጫዋችም ራሱ በ1999 በሄሮይን ሞተ። ማክሬዲ ያላደረገው ነገር ምን ነበር? እኔ አላየሁም። አንቺም ሁሉን አድርገሽ ላይሆን ይችላል። ይህን አሁን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም፣ የሱን ሕይወት ሙሉ በሙሉ ትከሻሽ ላይ ተሸክመሽ አንቺ ራስሽ እንዳትወድቂ ነው። የሱሰኛ ቤተሰቦች የሚገናኙበት ናር-አኖን የሚባል አለ፣ ነፃ ነው፣ ስም አይጠይቁም። የኛ ሰው እንዳያየኝ ካልሽ ሩቅ ሠፈር ያለውን ምረጪ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ገንዘብ ከጠየቀሽ ጥሬ ብር አትስጪው፣ የቤት ኪራዩን ወይም የስልኩን ራስሽ ክፈዪ።

የዘመዱ ነገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን አድገን፣ ሲመጣብን ግን ቀድመን መጋረጃውን የምንዘጋ እኛው ነን። ለሁሉም ንገሪ አላልኩም። አንድ ሰው ምረጪ፣ ምሥጢር የሚችል፣ ሌሊት ስትደውዪለት የሚነሳ። አጎትሽን አትምረጪ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ መልሱን ፈልጌ አጣሁት። እናትሽ ልጇ ሲጫወት አይታ ታውቃለች? አንቺስ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሽው? ክኒኑን አይተሻል፣ ክሳቱን አይተሻል፣ ፎቶውን አይተሻል፤ ስለ ዘፈኑ ግን አንድም መስመር አልጻፍሽም። ቅዳሜ ሂጂ። እናትሽ እሺ ካለች ነጠላዋን ለብሳ ከኋላ ትቀመጥ፣ የጆሮ መድፈኛ ያዢላት። የወደድሽውን ዘፈን ስሙን ያዢ። ሲጨርሱ በጀርባው በር ጠብቂው፣ ሌሎቹ ወደ ባር ሳይወስዱት። «እኔ ቤት እንሂድ፣ ሽሮ አለ» በይው። ማኬጋን ሻንጣ መቀበያው ጋ ሊላት ያሰባት ቃል ያቺ ነበረች። እንቢ ቢልሽ ለሚቀጥለው ሾው ተመልሰሽ ሂጂ፣ ያንኑ በይው።

ናርካኑን ግን ዛሬ ግዢ፤ ቅዳሜን አትጠብቂ። ከዚያ ጻፊልኝ።